ልጆቻችን የወደቁት ሐምሌ ላይ አይደለም

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት፣ ረጅም ዘመን ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ላይ የሚገኙ አንድ መምህር አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች ያሰሙት ንግግር ነው። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም። ከጥቂት ቦታ በቀር እንደተናገሩት አቅርበነዋል።)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ልጆቻችን ለ12ኛ ክፍል ፈተና እንዴት ይዘጋጁ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ካለፉ በኋላስ ከየት አምጥተን እንክፈል?» የሚል። ጥያቄውን ያመጡልኝ ሰዎች ሁለቱን ለየብቻ አድርገው ነው የጻፉልኝ። እኔ ግን አንድ ጉዳይ ነው እላለሁ። ለምን እንደሆነ እየቆየሁ እነግራችኋለሁ።

አስቀድመን ቁጥሩን እንይ። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ልጆች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ወደ 3.2 ዝቅ አለ። በ2016 ደግሞ 5.4 ሆነ። በ2017 ዓ.ም. 48,929 ልጆች አለፉና 8.4 ከመቶ ተባለ። ቴሌቪዥኑ «መሻሻል ታይቷል» አለን። እንግዲህ ከ100 ልጅ 91 ከምናምኑ ሲወድቅ መሻሻል ከተባለ፣ መሻሻል የሚለው ቃል ራሱ ድጋሚ መፈተን ሊኖርበት ነው!

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ አንድ ስሌት ልሥራላችሁ። ፈተናው ምርጫ ነው። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር በአማካይ ከአራቱ አንዱን ያገኛል፤ ከ100 ጥያቄ 25 ማለት ነው። አሁን አንድ ልጅ ከ100 ጥያቄ 34ቱን ብቻ አጥርቶ ያውቃል እንበል። የቀሩትን 66 በግምት ቢመታ ከነሱ 16 ወይም 17 ያገኛል። ሲደመር 50 ሞላ! አለፈ! ስለዚህ 50 ከመቶ ማለት ግማሹን ማወቅ አይደለም፤ ሲሶውን ማወቅ ነው። «ፈተናው ከበደ» የሚለውን ነገር ከዚህ በኋላ እየተጠነቀቅን እንናገር።

ከዚህ የባሰም አለ። በ2016 የተፈታኞቹ አማካይ ውጤት ወደ 30 ከመቶ የተጠጋ ነበር። በዚያው ስሌት 30 ለማምጣት ስንት ማወቅ ይበቃል? ከ100 ሰባት። ሰባቱን አውቆ ዘጠና ሦስቱን የገመተ ልጅ 30 ያመጣል። ስሌቱ ሻካራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጁ ሁሉ እየገመተ ነው የተፈተነው አልልም፤ አሳሳች ምርጫ ስቦት የሚሳሳትም አለ። ቢሆንም አስቡት። 12 ዓመት ትምህርት ቤት የተመላለሰ፣ 12 ዓመት ደብተር የተገዛለት፣ 12 ዓመት እናቱ ምሳ የቋጠረችለት ልጅ ውጤቱ ጭራሽ ካልተማረ ገማች በአምስት ነጥብ ብቻ በልጦ ተገኘ። ይህ በአንድ ሐምሌ የሚደርስ ውድቀት ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። ልጁ የወደቀው አራተኛ ክፍል ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነው። ኋላ ላይ የተነገረው መርዶው ብቻ ነው።

መንግሥትን እንዳልነካው አንዳንዶቻችሁ በዓይናችሁ ስትለምኑኝ አያለሁ። አልነካውም፤ የሚገባውን ልስጠውና ልለፍ። ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ተበትኖ አገር አቀፉ ፈተና ተሰርዞ እንደገና የተሰጠበትን ጊዜ አትረሱትም። መልስ በስልክ ይላክ ነበር፤ ፈታኙም አንዳንድ ጊዜ አስተባባሪ ነበር። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ልጆቹን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተን ትክክል ነው እላለሁ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስቴር ከገቡ በኋላ የተወሰደ እርምጃ ነው፤ ፖለቲካቸውን ብወደውም ባልወደውም ትክክሉን ትክክል ማለት አለብኝ።

ታዲያ ምን አጠፉ? በሽተኛውን ቴርሞሜትር አስነክሰው ሄዱ! ትኩሳቱ ተለካ፣ በዜና ተነገረ። መድኃኒቱስ? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ለልጆቹ በወቅቱ አልደረሰም፤ «በሶፍት ኮፒ ተጠቀሙ» ተባለ። ስልክ የሌለው ልጅ በምን ይጠቀም? በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! ከመላው ክፍል አንድ ልጅ ሳያልፍ ሲቀር የወደቀው ልጁ ነው ትላላችሁ? የወደቀው ትምህርት ቤቱ ነው፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ግን የወረዳው ኃላፊ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ሲፈተን አላየንም፤ ውጤቱም በስሙ አልተለጠፈም። በትግራይ ልጆች ለዓመታት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የነዚያ ልጆች ውጤት ከአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች ውጤት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ተደርድሮ ሲነበብ ሰምቼ አፍሬያለሁ።

መንግሥት እስኪያስተካክል ግን የእናንተ ልጅ አይጠብቅም፤ ዕድሜው ይሄዳል። ስለዚህ በእጃችሁ ወዳለው ልምጣ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ወላጅ ገንዘቡን መቼ ነው የሚያወጣው? ልጁ 12ኛ ክፍል ሲገባ! ያን ጊዜ አስጠኚ ይቀጠራል፣ የቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ይከፈላል፣ ከየፎቶ ኮፒ ቤቱ የድሮ ፈተና ይለቀማል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ግን «ገና ነው፣ ልጅ ነው» ይባላል። የማውቀው አንድ አባት በመጨረሻው ዓመት ለአስጠኚ ያወጣው ገንዘብ ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት ካወጣው ይበልጣል። አስጠኚው ፊዚክስ ሊያስረዳ ይመጣል፤ ልጁ ክፍልፋይ መደመር አይችልም። አስጠኚው ምን ያድርግ? ሰዓቱን ሞልቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ቤት ከጣሪያ አይጀመርም። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ፣ የሁላችንም ውስን ነው፣ 12ኛ ክፍል ላይ ልትከፍሉት ያሰባችሁትን ሰባተኛ፣ ስምንተኛና ዘጠነኛ ላይ ክፈሉት። እኔ የምነግራችሁ ትልቁ የዝግጅት ምክር ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ አንደኛው ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ኢኮኖሚክሱም። ልጆቻችን ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአማርኛ ወይም በሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ይህ መልካም ነው፣ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ነው የሚገባው። ችግሩ ድልድዩ ላይ ነው። ከፍ ያለ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። አስተማሪው በአማርኛ ያስረዳል፣ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ልጁ የተጻፈውን ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል። የክፍል ፈተና ላይ ያው የተሸመደደው ስለሚመጣ ያልፋል። ብሔራዊ ፈተናው ላይ ግን አዲስ ዐረፍተ ነገር ይመጣል።

እኔ ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ጊዜ ያደረግሁት ሙከራ አለ። አንድን የቃላት ጥያቄ በእንግሊዝኛ እሰጣለሁ፤ ከክፍሉ ሲሶው እንኳ አይሠራውም። ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ሳልለውጥ በአማርኛ እሰጣለሁ፤ ግማሹ ይሠራዋል። ያ ልጅ ሒሳብ አይችልም? ይችላል! የማይችለው ጥያቄውን ማንበብ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ በርካሽ የሚገኘው ዝግጅት በየቀኑ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ማንበብ ነው፤ የሰዋስው ሕግ መሸምደድ አላልኩም፣ ማንበብ ነው ያልኩት። የታሪክ መጽሐፉን፣ የባዮሎጂ መጽሐፉን ራሱን ድምፅ አውጥቶ ያንብብ፤ ያልገባውን ቃል ይጻፍ፤ ከዚያ ያነበበውን ለእናቱ በአማርኛ ይንገራት። እናቱ እንግሊዝኛ ባታውቅ ግድ የለም። ልጁ የገባውንና ያልገባውን ከአነጋገሩ ታውቀዋለች፤ እናት አይደለች!

ሁለተኛው፣ ብዙ ወላጅ ልብ የማይለው የነጥብ አደላደል ነው። በ2016 እና በ2017 እንዳየነው ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፤ ከ600 ይታረማል፤ ለማለፍ 300 ያስፈልጋል። የተፈጥሮ ሳይንሱ ልጅ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። አያችሁት? እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ ለሁለቱም አለ፤ ሦስቱ ብቻቸውን 300 ነጥብ ናቸው፤ የጠቅላላው ግማሽ! ሦስቱም ላቦራቶሪ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ማንበብና ማሰላሰል ነው። ሆኖም ልጆቹን «ምን እያጠናችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ» ይላሉ። አፕቲቲዩድማ «አይጠናም» ይባላል። ይጠናል እንጂ! የቃላት ዝምድና፣ የቁጥር ቅደም ተከተል፣ አንቀጽ አንብቦ መደምደሚያ ማውጣት... ይህ ሁሉ በልምምድ ይሻሻላል።

ልምምዱ ደግሞ በሰዓት ይሁን። የድሮ ፈተና ያላቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ የሚያጠኑበት መንገድ ግን መልሱን ጎን አስቀምጦ «እህ፣ ይኼ ሲ ነው» እያሉ ማለፍ ነው። ይህ ጥናት አይባልም፤ ራስን ማታለል ነው። ስልኩን እናንተ ያዙት። ሰዓት ሙሉለት። ጨርሶ ይታረም። ከዚያ የተሳሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደተሳሳተ በደብተር ይጻፍ፤ ቃሉ ስላልገባው ነው? ቀመሩን ስለረሳ ነው? ወይስ ቸኩሎ? በሳምንት አንድ ፈተና እንዲህ የሠራና ስሕተቱን የመዘገበ ልጅ፣ ሃምሳ ፈተና አገላብጦ ካየው ይበልጣል። ፈተናው ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ እንደማይወጣም አትርሱ፤ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ከአልጋ ሥር ይውጣ። ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ካላችሁ ከፈተናው በፊት ኢንተርኔት ቤት ወስዳችሁ አለማምዱት።

«ፈተናው ወጥቷል» እያለ በቴሌግራም ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። ለሌባ የሚከፈል ገንዘብ ካላችሁ መጽሐፍ ግዙበት።

አሁን ወደ ክፍያው። አንድ ጉዳይ ነው ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው።

ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ቤቱ መጽሐፍና ኮምፒዩተር ያለው ሰው ልጅ ፈተናውን ያልፋል፤ ሁሉም ባይሆን ብዙዎቹ። ካለፈ በኋላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የትምህርቱን ትልቁን ወጪ አገሪቱ ትሸፍንለታለች፤ የቀረውንም ሥራ ይዞ ቀስ እያለ ይከፍላል። መጽሐፍ ያልደረሰው፣ አስተማሪ የሚቀያየርበት ትምህርት ቤት የተማረው የድኻ ልጅ ግን ይወድቃል፤ የተወሰኑት በመንግሥት ወጪ ሬሜዲያል ይገባሉ፤ ያ ያልደረሳቸው በግል ሬሜዲያል ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ ቢሳካላቸው የግል ኮሌጅ ገብተው ደግሞ በየሴሚስተሩ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ያለው በዱቤ ይማራል፤ የሌለው በጥሬ ገንዘብ! ፍትሕ ይባላል ይህ? የፈተናው ውጤት ማን ምን ያህል እንደሚከፍልም የሚወስነው ለዚህ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ የሚከፈል መቶ ብር ኋላ ስንት ሺህ ብር እንደሚያድን አስቡት።

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ ነፃ አይደለም። ወጪ መጋራት፣ ልጆቹ ኮስት ሼሪንግ የሚሉት፣ በ1995 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የመጣ ነገር ነው። ያን ጊዜ በወጣው ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶውን ይጋራል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ከ10 ከመቶ ያላነሰ እየተቆረጠ ይከፍላል። ልጁ ሲመዘገብ ውል ይፈርማል። ስንቶቹ አንብበው ይፈርማሉ? ወረፋው ረጅም ነው፣ ሻንጣው በእጁ ነው፣ መኝታ ክፍሉን ገና አላገኘም፤ «እዚህ ጋ ፈርም» ሲባል ይፈርማል። ከአራት ዓመት በኋላ ዋናውን ዲግሪ ሊወስድ ሲሄድ «ዕዳህን ዝጋ» ሲሉት ይደነግጣል።

ስሌት ልሥራ ደግሞ። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተያዘው በጀት ለዓመታት 22 ብር ነበር። ሦስት ጊዜ ሊበላበት! በ22 ብር ምን ዓይነት ወጥ እንደሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ያውቁታል፤ እኔ አልነግራችሁም። በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ተደረገ። ደግ ሆነ፣ ልጆቹ ይብሉ። ነገር ግን የምግብ ወጪ በሙሉ ተማሪው ላይ የሚታሰብ ከሆነ ዕዳውም አብሮ ያድጋል ማለት ነው። በ22 ብር ሒሳብ የአሥር ወር ምግብ 6,600 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሒሳብ 30,000 ይሆናል። በአራት ዓመት 120,000 ብር፤ ምግብ ብቻ። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ተመራቂ ከወሩ 10 ከመቶ ቢቆረጥበት፣ የምግቡን ብቻ ለመጨረስ 10 ዓመት ይፈጅበታል። ልጃችሁ እንዳይማር ላስፈራራ አይደለም፤ ይማር! ዕዳው ወለድ የሚያስጨንቅ የአራጣ ዕዳ አይደለም። ግን ዕዳ መሆኑን አውቆ ይግባ። የፈረመውን ውል ቅጂ በየዓመቱ ቤት ያምጣ፤ እናንተም ከልደት ካርዱ ጋር አስቀምጡት። ቤቱ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የሆነ፣ ግቢ ውስጥ የማይበላና የማያድር ልጅ ያልተጠቀመበት ነገር ተቆጥሮበት እንዳይሆን ውሉ ላይ ያረጋግጥ።

ከውሉ ውጭ ያለው ወጪም አለ፤ ድኻውን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ይኼኛው ነው። የመንገድ፣ የብርድ ልብስ፣ የፎቶ ኮፒ፣ የሳሙና፣ ከካፌ ውጭ የሚበላ እንጀራ። ምደባው ሩቅ አገር ከሆነ ትራንስፖርቱ ብቻ ወገብ ይቆርጣል። መንገዱ ሰላም አለመሆኑን ደግሞ መናገር አያስፈልገኝም። ለዚህ ዕቁብ ጥሩ ነው። ልጁ 11ኛ ክፍል ሲገባ ዕቁብ ግቡና ዕጣችሁ መስከረም ወይም ጥቅምት አካባቢ እንዲወጣ ሰብሳቢውን ለምኑት።

ባንክስ? የባንክ ቁጠባ የምትሉ አላችሁ። ለልጁ ብሎ አሥር ዓመት ብር ማስቀመጥ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ብሩ ግን አይቆይላችሁም። በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት ከ30 ከመቶ በላይ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር አገኘ፤ ያ 107 ብር ግን ዓምና በ82 ብር ይገዛ የነበረውን ዕቃ ነው የሚገዛው። ቆጠበ ብሎ ተቀጣ! በ2016 ሐምሌ ብሩ በዶላር ፊት እንዴት እንደሟሟ ደግሞ አይታችኋል። ስለዚህ ለድንገተኛ የሚሆን ጥቂት ባንክ ይቀመጥ፤ የቀረውን ልጁ ጭንቅላት ውስጥ አስቀምጡት፤ እዚያ ዋጋው አይወርድም።

ስለ ግል ኮሌጆች አጭር ነገር ልበል። መልካም የሚሠሩ አሉ፤ ሁሉን በአንድ ከረጢት አልከትም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62 ከመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። አራት ዓመት ከፍሎ፣ ጋውን ተከራይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ዲግሪ የለም! ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁን ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጄ የሚማረው የትምህርት ዓይነት፣ በዚህ ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ? ፈቃዱ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለምና ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩ። ባለፈው የመውጫ ፈተና ከዚህ የትምህርት ክፍል ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ? ክፍያው በመሀል ይጨምራል ወይ? ሁለተኛው ላይ የሚንተባተብ ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። «50 ባያመጣም ዲግሪ እናስገባዋለን» የሚላችሁ ካለ ደግሞ ሮጣችሁ ውጡ፤ የማለፊያ ነጥቡ ለግሉም ይሠራል። ቴክኒክና ሙያ የገባ ልጅንም አታሸማቅቁ። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ለማግኘት ስንት ቀን እንደምትጠብቁ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አንዲት እኅት ከስብሰባው በፊት ስለ ውጭ አገር ጠየቀችኝ። ነፃ የትምህርት ዕድል አስቀድሞ ለደላላ ገንዘብ አይከፈልበትም። የማመልከቻ ክፍያ ካለ ለዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። የቶፍልና የሳት ፈተና ክፍያ በዶላር ስለሆነ ልጁ ሳይለማመድ «ልሞክረው» ብሎ እንዳይመዘገብ። በዲቪ አሜሪካ የሄደ፣ መኖሪያ ፈቃድ የያዘ ዘመድ ልጅ ካላችሁ ግን ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ እንዲሞላ ንገሩት፤ ቅጹን መሙላት በነፃ ነው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ የማይመለስ ርዳታ የሚገኘው በሱ በኩል ነው። አላወቅንም ብለው በብድር ብቻ የሚማሩ የኛ ልጆች እዚያ አሉ።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ «ራስ ገዝ» የሚል ነገር መጥቷል። በ2015 አዋጅ ወጣለት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆነ፤ ሌሎቹም ተራ እየጠበቁ ነው ተብሏል። ዩኒቨርሲቲ ከካድሬ እጅ ከወጣ እኔ አጨበጭባለሁ። ነገር ግን ራስ ገዝ የሆነ ተቋም የራሱን ገቢ መፈለጉ አይቀርም፤ ገቢ ፍለጋ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የእናንተን ኪስ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን አሁኑኑ ይቅረብ፤ ከፍሎ መማር የማይችል ግን ነጥቡ የበቃ ልጅ ቦታው በሕግ ይጠበቅለታል ወይ? ስንት ቦታ? ማን ይቆጣጠራል? የምክር ቤት አባላት አሉን ይባላል፤ ይህን ይጠይቁልን።

እናንተ ደግሞ የቅርቡን ትምህርት ቤት ጠይቁ። ወላጅ ኮሚቴ የሚባለው ለበዓል መዋጮና ለአጥር ቀለም ብቻ አይሰብሰብ። ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ አስፈተናችሁ፣ ስንቱ አለፈ፣ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ከመስከረም እስከ ሰኔ ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ መጽሐፉ ለስንት ልጅ አንድ ደረሰ... መልሱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ።

ሰዓቴ እንዳለቀ እየተነገረኝ ነው። የልጆቻችሁን የልምምድ ደብተር ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ እዚሁ እቆያለሁ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ቅደሙ።